ከድሬሰር እስከ ሐኪም፤ በጉለሌ የሕክምና ሠራተኞች ታሪክ

የአገራችንን የሕክምና ታሪክ የጻፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚቈጥሩት ሆስፒታሎችን ነው። ይህኛው በዚህ ዓመት ተከፈተ፤ ያኛው በእገሌ ገንዘብ ተሠራ ይሉና የሐኪሙን ስም ያስከትላሉ። ቍስሉን ያጠበው፥ መርፌውን የቀቀለው፥ የበሽተኛውን ቃል ለሐኪሙ፥ የሐኪሙንም ቃል ለበሽተኛው ያስተረጐመው ሰው ግን በታሪኩ ውስጥ እምብዛም አይገኝም። እኛ በዚህ ጽሑፍ የምንፈልገው ያንን ሰው ነው። የምንፈልገውም በአዲስ አበባ ሰሜን፥ በጉለሌ ነው። ጉለሌን የመረጥንበት ምክንያት የሚስዮን ሆስፒታል፥ የምርምር ተቋምና የሕክምና ማስተማሪያ ሆስፒታል በአንድ ሰፈር ተራ በተራ የተተከሉበት ስፍራ ስለ ሆነ ነው፤ አንድ መቶ ዓመት የሚሆነውን ታሪክ ከአንድ መንገድ ሳይወጡ ማየት ይቻላል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓ.ም. ያልተባለበት ዓመት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር የተጻፈ መሆኑን አንባቢ ይወቅልን።

ነገሩን ከኅዳር በሽታ ብንጀምር ይሻላል። በኅዳር 1911 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ወደ አሥር ሺህ የሚገመት ሰው ፈጀ። በከተማው የነበሩት ሐኪሞች ጥቂት የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ፤ ከእነርሱም በሽታው የጣላቸው ነበሩ። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ መኰንን ራሳቸው ታመው ዳኑ። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቈሻሻ ተሰብስቦ ሲቃጠል «ኅዳር ሲታጠን» የምንለው የዚያ ወራት ትዝታ ነው። አገሩ መድኃኒት ዐዋቂ አጥቶ አልነበረም፤ ወጌሻው ስብራት ይጠግናል፥ የልምድ አዋላጇ ታዋልዳለች፥ ሥር ማሹም ቅጠል በጣሹም በየሰፈሩ ነበር። የጐደለው ብዙ ሕዝብ በአንድ ጊዜ ሲታመም በሥርዓት ተከፋፍሎ የሚያስታምም የሠለጠነ እጅ ነው።

ያው በሽታ በሩቅ መንገድ ጉለሌን ሐኪም አስገኘላት። በምዕራብ ወለጋ የሰዮ ገዥ የነበሩት ደጃዝማች ብሩ ወልደ ገብርኤል በወረርሽኙ ምክንያት ሐኪም እንዲላክላቸው በሱዳን ያለውን የአሜሪካ ሚስዮን ጠየቁ። በ1919 ዶክተር ቶማስ ላምቢ ወደ ሰዮ መጣ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ አገሩ ሲመለስ አዲስ አበባ ላይ ከራስ ተፈሪ ጋር ተገናኘ፤ ራስ ተፈሪም በዋና ከተማው ሆስፒታል እንዲሠራ ጠየቁት፥ በጉለሌም መሬት ሰጡ። የሕንፃው ገንዘብ የተገኘው በኦሃዮ የሸክላ ዕቃ ፋብሪካ ከነበረው ደብልዩ ኤስ ጆርጅ ከተባለ ባለጸጋ ስለ ሆነ ሆስፒታሉ የጆርጅ መታሰቢያ ተባለ። ሕዝቡ ግን የአሜሪካ ሚስዮን ሆስፒታል ይለው ነበር። ላምቢ ራሱ በሥፍራው ብዙ አልቈየም፤ በ1927 በሌላ ሚስዮን ስም ወደ ደቡብ ለመሄድ ተመልሶ መጣ። ኋላም መሬት ለመያዝ እንዲችል ኢትዮጵያዊ ዜግነት ተቀበለ፤ ኢጣልያ አገሩን ስትይዝ ያለ አገር ቀረና የሕይወት ታሪኩን «አገር የሌለው ሐኪም» በሚል ስም አሳተመው። ይህን በማለፍ የጠቀስነው ነው፤ ጉዳያችን ከእርሱ በኋላ በሥፍራው የቀሩት ሰዎች ናቸው።

በዚያን ዘመን በአንድ ሚስዮን ሆስፒታል ውስጥ ሐኪሙ አንድ ወይም ሁለት ነው፤ የውጭ አገር ነርሶችም ጥቂት ናቸው። ከዚያ በታች ያለውን ሥራ ሁሉ የሚሠራው «ድሬሰር» ነው። ቃሉ የመጣው ከእንግሊዝ ነው። በሎንዶን ሆስፒታሎች ቀዶ ሕክምና የሚማሩ ወጣቶች ቍስል የማጠብና የመጠቅለል ሥራ ይሰጣቸው ስለ ነበር በዚሁ ስም ይጠሩ ነበር። እንግዲህ በእንግሊዝ አገር ድሬሰር መባል ወደ ሐኪምነት የሚያደርስ ደረጃ ነበረ። ወደ እኛ አገር ሲሻገር ስሙ መጣ፥ ደረጃው ግን ሳይመጣ ቀረ። የእኛ ድሬሰር ከሃያ ዓመት በኋላም ድሬሰር ነው። እንደ እኛ አስተያየት በዚህ ታሪክ ውስጥ ካሉት ነገሮች ሁሉ ዋነኛው ይህ ነው።

የድሬሰሩ ዕውቀት ከመጽሐፍ የተገኘ አልነበረም። ቋንቋ በመቻሉ ተቀጥሮ መጀመሪያ ያስተረጕማል። ሐኪሙ «ከመቼ ጀምሮ ነው ያመመህ?» ብሎ ሲጠይቅ፥ ገበሬው በቍጥር ሳይሆን «ከሁዳዴ መያዣ» ወይም «ከጤፉ አጨዳ ወዲህ» ብሎ ይመልሳል፤ ይህን ወደ ሳምንትና ወደ ወር የሚመልሰው ድሬሰሩ ነው። «ምች መታኝ»፥ «ልቤን ያመኛል» የሚለውም ሰው የትኛውን ሕመም ማለቱ እንደ ሆነ፥ ልብ ሲል ሆድ ማለቱ መሆኑን ጭምር፥ ለባዕዱ የሚገልጥለት እርሱ ነው። ማስተርጐም ማለት እንግዲህ ግማሽ ምርመራ ነበረ። ቀጥሎ ውሃ ያፈላል፥ መሣሪያ ይቀቅላል፥ ቍስል ይጠርጋል፥ ሙቀት ይለካል። ከዚያ መርፌ መውጋት ይማራል። መርፌ ደግሞ በሕዝቡ ዘንድ የተለየ ክብር ነበራት፤ 606 የተባለው የቂጥኝ መድኃኒት በዓለም ከታወቀ ወዲህ ሕዝቡ መርፌ ያልተወጋበትን ሕክምና እንደ ሕክምና አይቈጥረውም ነበር ለማለት ይቻላል። ስለዚህ መርፌ የያዘውን ሁሉ «ሐኪም» ይለዋል። በደመወዝ መዝገብ ላይ ድሬሰር የተባለው ሰው በመንደሩ ዶክተር ነበረ።

ይህን የሕዝብ ማዕረግ እንደ ድንቍርና የሚቈጥሩ አሉ። ከሆስፒታል ወጥተው በየመንደሩ መርፌ እየወጉ ጉዳት ያደረሱ ድሬሰሮች መኖራቸውም አይካድም። ነገር ግን ሕዝቡ የሰጠው ስም ከእውነቱ ብዙ የራቀ አልነበረም። በሽተኛው ከመጣ እስኪሄድ ድረስ ያየው እጅ የዚያ ሰው እጅ ነው።

ጦርነቱ ሲመጣ የጉለሌው ሆስፒታልም ከመከራው ተካፈለ። በዚያ የሚሠራው ወጣቱ አሜሪካዊ ሐኪም ሮበርት ሆክማን ከቀይ መስቀል ጋር ወደ ኦጋዴን ወርዶ በታኅሣሥ 1935 ደገሐቡር ላይ ያልፈነዳ ቦምብ ሲፈታ ሞተ። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል የተቋቋመው በዚያው ዓመት ሲሆን ዋና ጸሓፊው ከላይ የጠቀስነው ላምቢ ነበረ። በዚያን ጊዜ በዘመናዊ ትምህርት ሐኪም የተባሉ ኢትዮጵያውያን በጣት የሚቈጠሩ ነበሩ። ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ከመቅደላ በልጅነታቸው ተወስደው በሕንድና በስኮትላንድ የተማሩ ናቸው፤ በጦርነቱ ጊዜ በሎንዶን የኢትዮጵያ መልእክተኛ ነበሩ። መላኩ በያን በ1935 ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ተመርቆ ተመለሰ፤ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ዘመተ፤ በ1940 በስደት በኒው ዮርክ ሞተ። ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ የእንስሳት ሐኪም ነበረ፤ እርሱም የጥቁር አንበሳ አርበኞች ማኅበር መሪ ሆነ። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ የተማረው ሰው እየተለቀመ ተገደለ፤ የሐኪም ወርቅነህ ሁለት ልጆች ቢንያምና ዮሴፍም በዚያው ዓመት ተገደሉ። የኢጣልያ መንግሥት ለአገሬው ሰው የፈቀደው ትምህርት ከመጀመሪያ ደረጃ የማያልፍ ስለ ነበረ በአምስቱ ዓመት ውስጥ አንድ ኢትዮጵያዊ ሐኪም ወይም ነርስ ሊወጣ አልቻለም። አገሩ በ1933 ዓ.ም. ነጻ ሲወጣ ሆስፒታሎቹን ለመክፈት የተገኘው የአገር ሰው ያው የቀድሞው ድሬሰር ነው። ልዕልት ፀሐይ ብቻ በእንግሊዝ አገር ተምራ በ1939 የነርስነት ፈቃድ ይዛ ነበር፤ እርሷም በ1942 በነቀምት በወጣትነቷ ሞተች።

ከነጻነት በኋላ የጉለሌው የሚስዮን ሆስፒታል ስፍራ የሕክምና ምርምር ተቋም ሆነ። ከ1950ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ከፓሪስ ጋር በተደረገ ስምምነት የኢትዮጵያ ፓስተር ተቋም ተባለ። ስምምነቱ በ1964 አብቅቶ ተቋሙ ማዕከላዊ ላቦራቶሪና የምርምር ተቋም ተብሏል፤ በ1995 ከሥነ ምግብ ተቋምና ከባህል መድኃኒት ክፍል ጋር ተዋሕዷል፤ ዛሬ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ነው። ሰፈሩ ግን «ፓስተር» እንደ ተባለ ቀርቷል፤ የታክሲ ረዳቱ የሚጠራው ያንን ስም ነው።

ስሙ ለምን ጸና? የሕዝቡን እግር ወደዚያ ያመጣው የውሻ በሽታ ስለ ሆነ ይመስለናል። ሉዊ ፓስተር በ1885 በዕብድ ውሻ የተነከሰውን ልጅ ከተበ፤ በጉለሌም በፓስተር ስም የተሠራው ቤት ለሕዝቡ የታወቀው በዚሁ ክትባት ነው። መድኃኒቱ ከእንስሳ አንጐል የሚዘጋጅ ነበር። የተነከሰው ሰው አሥራ አራት ቀን፥ በየቀኑ፥ በሆዱ ቆዳ ሥር ይወጋል፤ ከዚያም ማጠናከሪያ ይከተላል። ከሰላሌ ወይም ከመናገሻ ልጁን ይዞ የመጣ ገበሬ ሁለት ሳምንት በከተማ ዘመድ ቤት ተጠግቶ ማለዳ ማለዳ ጉለሌ ይሰለፋል። በዘጠነኛው ቀን ልጁ ሲሻለው፥ ቍስሉም ሲደርቅ፥ አባትየው «እንግዲህ በቃው» ብሎ ወደ እርሻው ሊመለስ ይነሣል። ያን ጊዜ የሚያስፈልገው ችሎታ የላቦራቶሪ ችሎታ አይደለም። በሽታው በቍስሉ መድረቅ እንደማይለካ፥ ወራት ቈይቶ ሊነሣ እንደሚችል፥ ከተነሣም መድኃኒት እንደሌለው ለአባትየው በሚገባው ቃል የሚነግረው ሰው ያስፈልጋል። ከዚህም በላይ የአንጐል ክትባት አንዳንዴ ራሱ ሽባነት የሚያመጣ ስለ ሆነ መርፌውን የሚወጋው ሰው ታካሚውን በየቀኑ ሲያየው የእግሩን ድካም፥ የራሱን ምታት ልብ ማለት አለበት። ይህን ሥራ በምስክር ወረቀት መመዘን አይቻልም፤ ሕይወት የተንጠለጠለው ግን በእርሱ ላይ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ቢጫ ወባ ነው። ከ1960 እስከ 1962 በደቡብ ምዕራብ፥ በኦሞ ወንዝ አካባቢ በገባው ወረርሽኝ ወደ 100,000 ሰው እንደታመመና ወደ 30,000 ሰው እንደሞተ ይገመታል። በአፍሪካ ከተመዘገቡት የቢጫ ወባ ወረርሽኞች ሁሉ ከከፉት አንዱ ነው። በሽታው ምን እንደ ሆነ እስኪታወቅ ድረስ ወራት አልፈዋል፤ ክትባቱ ግን በዓለም ላይ ከ1930ዎቹ ጀምሮ ነበረ። ምርመራውን የመራው የጉለሌው ፓስተር ተቋም ሲሆን በዶክተር ሻርል ሴሪ ስም የሚታወቁት ጽሑፎች በዓለም ጤና ድርጅት መጽሔት ታትመው እስከ ዛሬ ይጠቀሳሉ። ሥራው ትልቅ መሆኑን እንመሰክራለን። ሆኖም በጽሑፎቹ ራስ ላይ የተደረደሩት ስሞች ከሞላ ጐደል የውጭ አገር ሰዎች ስሞች ናቸው። የአገሩን ቋንቋ የማያውቅ ተመራማሪ ብቻውን ከጐጆ ጐጆ ገብቶ ከሞት ጋር ከሚታገል ሰው ክንድ ደም ሊቀዳ አይችልም። ደም የሚቀዳ፥ ዘመዶቹን የሚያግባባ፥ ብልቃጡን ሳይሰበር በበቅሎ የሚያወጣ ሰው ከሌለ ጽሑፉ አይጻፍም።

ከላይ «ደረጃው ሳይመጣ ቀረ» ብለን ነበር። ደረጃው መሠራት የጀመረው በ1949 በቤተ ሳይዳ ሆስፒታል የቀይ መስቀል የነርሶች ትምህርት ቤት ሲከፈት ነው። የመጀመሪያዎቹ ነርሶች በ1953 ወጡ። በ1954 ደግሞ የጐንደር የኅብረተሰብ ጤና ኮሌጅ ተቋቋመ፤ የጤና መኰንኖችን፥ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ጠባቂዎችን አንድ ላይ ማሠልጠን ጀመረ። ሐሳቡ ብልህ ነበረ፤ ሐኪም እስኪበዛ ሳይጠበቅ፥ ሦስት ዓይነት ባለሙያ በአንድ ቡድን ተሰማርቶ ወደ ሃምሳ ሺህ የሚሆን ሕዝብ እንዲጠብቅ ነው። ብዙም ሳይቈይ በ1958 በደጋውና በወይና ደጋው የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ከሦስት ሚሊዮን የማያንስ ሰው ይዞ ወደ 150,000 ሲገድል ሐኪም የማይደርስበት አገር ምን ያህል እንደ ሆነ ሁሉም አየ።

ነገር ግን የጤና መኰንኑም ዕጣ እንደ ድሬሰሩ መሆኑ አልቀረም። በሥራው ቦታ ሐኪም ነው፤ ያዋልዳል፥ ያክማል፥ መድኃኒት ያዛል፥ ለአውራጃው ገዥ ስለ ወረርሽኝ ያስታውቃል። በማዕረጉ ግን ሐኪም አይደለም። በ1964 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ፋኩልቲ ሲከፈት ከጤና መኰንኖች መካከል ተመልሰው ተማሪ የሆኑ ነበሩ፤ ከገጠር የወጣው ባለሙያ ወደ ገጠር አልተመለሰም። በ1970ዎቹ መጨረሻ ጐንደር ራሱ የሕክምና ኮሌጅ ሆነና የጤና መኰንን ትምህርት ተቋረጠ። በ1990ዎቹ አጋማሽ እንደገና ተጀመረ፤ ምክንያቱም ሐኪሙ በገጠር አልተገኘም። ከዚህ ላይ የእኛን ፍርድ ብንናገር፥ ስሕተቱ ትምህርቱን መጀመርም ማቋረጥም ላይ አልነበረም። መሰላል ሠርቶ የመጨረሻውን ርከን መተው ነው። ባለሙያው ወደ ላይ መውጫ ሲያጣ ወደ ጐን ይወጣል፤ ወደ ከተማ፥ ወደ ግል ክሊኒክ፥ ኋላም ወደ ውጭ አገር። ከ1960ዎቹ ማብቂያ ዓ.ም. ወዲህ ከአገር የወጣው ሐኪም ብዛት የተጀመረበት ምክንያት ፖለቲካ መሆኑን እናውቃለን፤ የቀጠለበት ምክንያት ግን ይህም ጭምር ነው።

ወደ ጉለሌ እንመለስ። ከፓስተር ብዙ ሳይርቅ በዚያው መንገድ ላይ ያለው የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ1969 በጀርመን ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን ርዳታ ለድኾች ሕክምና የተሠራ ነው። በሁለት ሺህ ዓ.ም. መባቻ የሕክምና ትምህርት ቤት ተከፈተበት፤ ከሚሌኒየሙ ጋር ስለ ገጠመ የሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ የሚለው ስም ተጨመረለት። በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኩላሊት ንቅለ ተከላ በዚህ ሆስፒታል ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ጋር ተደረገ። ጋዜጦች ስለ ቀዳጁ ሐኪም ጻፉ፤ ተገቢ ነው። ኩላሊት የተተከለለት ሰው ግን የሚድነው በቀዶ ጥገናው ሰዓት ብቻ አይደለም። ሽንቱን በየሰዓቱ የሚለካው፥ ትኵሳቱን ቀድሞ የሚያውቀው፥ መድኃኒቱን ሳያስተጓጕል እንዲወስድ የሚያስተምረው ነርስ ነው። የዛሬው ነርስ ዲግሪ አለው፥ ማስተርስም ይማራል፤ ከድሬሰሩ ዘመን ጋር ሲነጻጸር ታላቅ ለውጥ ነው።

በአንጻሩ በመሰላሉ ግርጌ አዲስ ድሬሰር ተተክቷል። ከ2003 ጀምሮ በየገጠር ቀበሌው ሁለት ሁለት ሴቶች በአንድ ዓመት ሥልጠና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ሆነው ተመደቡ፤ ቍጥራቸው ከሠላሳ ሺህ አለፈ። የእናቶችና የሕፃናት ሞት ከቀነሰባቸው ምክንያቶች አንዱ የእነርሱ ሥራ መሆኑ በብዙ ጥናት ተመስክሯል። በከተማ፥ በጉለሌም ጭምር፥ ተመሳሳዩን ሥራ ከ2009 ወዲህ የጀመሩት ዲፕሎማ ያላቸው ነርሶች ናቸው። ቤት ለቤት ይዞራሉ፤ በር ያንኳኳሉ፤ ክትባት ያላስከተበችውን እናት በስሟ ያውቋታል። ደረጃ ማሻሻያ ትምህርት ተፈቅዶላቸዋል፤ ወደ ነርስነትና ከዚያ ወዲያ የሚያደርሰው መንገድ ግን ጠባብ ነው። የጥንቱን ጥያቄ የሚያስነሣው ይህ ነው።

በጉለሌው ላቦራቶሪ ውስጥ ያለውን ለውጥም መዝለል አይገባም። በ2020 መጀመሪያ የኮሮና በሽታ ዓለምን ሲያስጨንቅ የመጀመሪያዎቹ የተጠረጠሩ ሰዎች ናሙና ወደ ደቡብ አፍሪካ ይላክ ነበር። በየካቲት ወር ግን ምርመራው በጉለሌ ተጀመረ፤ በመጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው በሽተኛ መገኘቱ ሲነገር ውጤቱ የወጣው ከዚሁ ግቢ ነው። በቢጫ ወባ ዘመን ወራት የፈጀው ሥራ በአገር ልጅ እጅ በሰዓታት ተሠራ።

እንዲህ ያለው እጅ ከአገር እንዳይወጣ ምን ያስፈልገዋል የሚለው ጥያቄ በባለሙያዎቹ አፍ ተነሥቷል። በ2011 ዓ.ም. ሐኪሞች ጥያቄያቸውን በአደባባይ አሰሙ። በግንቦት 2017 ዓ.ም. ደግሞ በብዙ ከተሞች ያሉ ሐኪሞች፥ ነርሶች፥ አዋላጆችና የላቦራቶሪ ሠራተኞች ስለ ደመወዝና ስለ ሥራ ሁኔታ ያቀረቡት ጥያቄ እስከ ሥራ ማቆም ደረሰ፤ ከመካከላቸውም የታሰሩ ነበሩ። ካቀረቡት ነገር አንዱ የሕክምና ባለሙያው ራሱና ቤተሰቡ ሲታመሙ የሚታከሙበት የጤና መድን ነው።